እግር የሠራውን ልብ ሲያዝንበት

ሰው በፈቃዱ ለሠራው ክፉ ሥራ ተጠያቂ እንደ ሆነ፣ ያለ ፈቃዱ ለደረሰው ጥፋት ግን ምሕረት እንደሚገባው፣ የሃይማኖት መምህራንም የሕግ ሊቃውንትም የሚስማሙበት ነገር ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ግን ሦስተኛ ዓይነት ሥራ አለ፤ እርሱም ሰው ግዴታው ስለ ሆነ የሠራው፣ ማንም በበደል የማይከስሰው፣ ሠሪው ራሱ ግን ምነው ባልሠራሁት ብሎ የሚያዝንበት ሥራ ነው። እንዲህ ያለው ሐዘን የኅሊና ስሕተት ነውን ወይስ የኅሊና ጤንነት? ይህን ለመመርመር የስኮትላንዳዊውን የእግር ኳስ ተጫዋች የዴኒስ ሎውን ታሪክ ባነሣ፣ ነገሩ ከጨዋታ ሜዳ የተገኘ ነው ብሎ አንባቢ እንዳይንቀው እለምናለሁ፤ የሰው ጠባይ በሸንጎና በጦር ሜዳ ብቻ ሳይሆን በጨዋታም ይገለጣልና።

ዴኒስ ሎው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1940 ዓ.ም. በአበርዲን ከተማ፣ ከዓሣ አጥማጅ ቤት ከሰባት ልጆች የመጨረሻው ሆኖ ተወለደ። በ16 ዓመቱ ለሀደርስፊልድ ታውን መጫወት ጀመረ፤ ከዚያም ወደ ማንቸስተር ሲቲ፣ ቀጥሎም ወደ ኢጣልያው ቶሪኖ ተዛወረ። በ1962 ማንቸስተር ዩናይትድ በ115,000 ፓውንድ ገዛው፤ በዚያም በቆየባቸው 11 ዓመታት 237 ግቦች አገባ፤ በ1964ም የአውሮፓን የወርቅ ኳስ ሽልማት ተቀበለ። ደጋፊው ንጉሥ ብሎ ሰየመው።

በ1973 ዩናይትድ በነፃ ዝውውር ባሰናበተው ጊዜ፣ በዚያችው ከተማ ወዳለው ወደ ቀድሞ ክለቡ ወደ ማንቸስተር ሲቲ ተመለሰ። ኤፕሪል 27 ቀን 1974 ሁለቱ ክለቦች በኦልድ ትራፎርድ ተገናኙ፤ ዩናይትድም ከአንደኛው ዲቪዚዮን ላለመውረድ በጭንቅ ላይ ነበረ። ጨዋታው ያለ ግብ ቆይቶ በ81ኛው ደቂቃ ኳስ ከሎው እግር ሥር ደረሰች፤ እርሱም ጀርባውን ለግቡ እንደ ሰጠ በተረከዙ መትቶ ከመረብ አሳረፋት። ጓደኞቹ ሮጠው ሲያቅፉት እርሱ ግን እጁን አላነሣም፣ ፈገግታም አላሳየም፤ አንገቱን ደፍቶ ቆየ፤ ወዲያውም ተቀይሮ ወጣ። በእንግሊዝ ሊግ የተጫወተው የመጨረሻ ጨዋታ ይኸው ሆነ።

ይሁን እንጂ ዩናይትድን ያወረደችው ያቺ ግብ አልነበረችም፤ በዚያው ቀን በርሚንግሃም ሲቲ ስላሸነፈ፣ ዩናይትድ ቢያሸንፍ እንኳ ከመውረድ አይድንም ነበር። ሐዘን ከውጤት ስሌት የሚወለድ ቢሆን ኖሮ ይህ ሒሳብ በፈወሰው ነበር፤ ሎው ግን ከብዙ ዓመታት በኋላም ሲጠየቅ ሐዘኑ እንዳልተወው ይመሰክር ነበር። እንግዲህ ሐዘኑ ከውጤቱ አልመጣም፤ በደል አልነበረምና ከበደልም አልመጣም፤ የመጣው ይወደው የነበረውን ወገን በገዛ እግሩ ከመውጋቱ ነው።

ሥራው ራሱስ ምን ያህል የሠሪው ነው? በ1961 ሎው ለዚሁ ለማንቸስተር ሲቲ ከሉተን ታውን ጋር በተደረገ የዋንጫ ግጥሚያ ስድስት ግቦች አግብቶ ነበር፤ ነገር ግን ሜዳው በዝናብ ስለ ጨቀየ ዳኛው በ69ኛው ደቂቃ ጨዋታውን አቋረጠ፤ ግቦቹም ሁሉ ከመዝገብ ተሰረዙ፤ በድጋሚ በተደረገውም ጨዋታ ሲቲ 3 ለ 1 ተሸነፈ። በ1974ም ሕዝቡ ወደ ሜዳ ስለ ገባ ጨዋታው ሳይፈጸም ተቋረጠ፤ በዚህ ጊዜ ግን ውጤቱ እንዲጸና ተፈረደ። እንዲጸናለት የሚፈልገው ተሰረዘ፤ ቢሰረዝለት የሚወደው ጸና። ዝናቡም፣ የሕዝቡም ሁከት፣ የዳኞቹም ብያኔ ከእርሱ ሥልጣን ውጭ ነበሩ፤ በእርሱ እጅ የነበረው ሥራውን የተቀበለበት ልብ ብቻ ነበረ።

ይህን ሐዘን የሚነቅፍ ሰው ግን ከንጉሥ ዳዊት የጦር አለቃ ከኢዮአብ ክርክር ሊማር ይችላል። አቤሴሎም በአባቱ በዳዊት ላይ ተነሥቶ በተገደለ ጊዜ ዳዊት ድሉን ወደ ልቅሶ ለወጠው፤ ኢዮአብም ገብቶ፣ ነፍስህን ያዳኑትን ሰዎች ዛሬ አሳፈርሃቸው ሲል ገሠጸው። ተግሣጹ እውነት አለበት፤ የሲቲ ተጫዋቾችና ደጋፊዎችም በድላቸው ሊደሰቱ መብት ነበራቸውና፣ የአንዱ ሐዘን የብዙዎችን ደስታ ሊነጥቅ አይገባም። ዳዊትም ተነሥቶ በበሩ ተቀመጠ፣ ሕዝቡንም ተቀበለ፤ የልቡን ሐዘን ግን ኢዮአብ ሊያስጥለው አልቻለም፤ ሊያስጥለውም የሚገባ አልነበረም። ኦሪትም ሳያውቅ ነፍስ ያጠፋውን ሰው ከሞት ፍርድ ስታድን፣ ምንም እንዳልሆነ ወደ ቤቱ አልመለሰችውም፤ በመማጸኛ ከተማ እንዲቀመጥ አዘዘች እንጂ። ከበደል ነፃ መሆን ከሸክም ሁሉ ነፃ መሆን እንዳልሆነ ሕጉ ራሱ ያውቅ ነበር።

ሎው በዚያች ቀን ለፍቅሩ ሲል ኳሷን ሆን ብሎ ቢያበላሻት ኖሮ ደመወዙን የሚከፍለውን ክለብ፣ አብረውትም የሚሮጡትን ጓደኞቹን በከዳ ነበር፤ አግብቶም በደስታ ቢጨፍር ኖሮ የ11 ዓመቱን ፍቅር እንደ ተፈጸመ ውል በቈጠረው ነበር። እርሱ ግን ለግዴታው ሥራውን፣ ለፍቅሩም ሐዘኑን ከፈለ፤ ከሁለቱ አበዳሪዎች አንዱንም ባዶ እጁን አልሰደደም። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሐዘን ንስሐ የሚያሻው ኃጢአት አይደለም፤ በምክንያትና በስሌት ሊፈወስ የሚገባው ሕመምም አይደለም፤ ሁለት ታማኝነት በአንድ ሰው ላይ በተጋጨ ጊዜ፣ አንደኛው ቢሸነፍ እንኳ እውነተኛ እንደ ነበረ የሚመሰክር የኅሊና ቃል ነው።