የማይታየው ተመጋቢ

«ሲሾም ያልበላ፣ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ብሂል ብዙ ጊዜ በቀልድ ይጠቀሳል። ነገሩ ግን ቀልድ ብቻ አይደለም፤ ራሱን የቻለ የሥነ ምግባር ትምህርት አለው። ሹመት ለባለሹመቱ ብቻ የተሰጠ ሳይሆን ለዘመድ አዝማዱ ጭምር የተዘረጋ ማዕድ ነው ይላል። በዚህ ሚዛን በሥልጣኑ ያልተጠቀመ ሰው ጨዋ አይባልም፤ ሞኝ፣ ከዚያም አልፎ ለወገኑ የማይራራ ንፉግ ይባላል። ናይሮቢ ላይ ጉቦ «ቻይ» ወይም «ኪቱ ኪዶጎ»፣ ማለትም «ትንሽ ነገር» ሲባል፣ አማርኛ ተናጋሪውም «የሻይ» ብሎ ይሰጣል። ከአንድ ስኒ ሻይ ጋር ማን ይጣላል?

ፈተና አስቀያሚ መልክ ይዞ ቢመጣ ኖሮ ድል መንሣቱ ባልከበደ ነበር። የሚመጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ የቸርነትን ልብስ ለብሶ ነው። ደመወዙ የማያደርሰው የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ የታመመች እናት፣ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚጠብቁ ታናናሾች፣ ለሠርግና ለቀብር መዋጮ የሚጠይቁ ጎረቤቶች አሉት። እጁን ቢዘረጋ የሚበላው ብቻውን አይደለም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ልጆቿን በዐቢይ ጾም ጸሎትን፣ ጾምንና ምጽዋትን አንድ ላይ አስተባብራ ታስተምራለች፤ ራስን መግታትና ለሌላው መስጠት እንደ እኅትማማች ይቆጠራሉ። በስብከት ላይ እንዲህ ነው። በቢሮ ጠረጴዛ ፊት ግን ሁለቱ የተጣሉ የሚመስሉበት ሰዓት አለ።

በምሥራቅ ኮንጎ፣ በኪቩ ሐይቅ ዳር፣ ከሩዋንዳ ድንበር ጋር ተጣብቃ የምትገኘው ጎማ የነጋዴ ከተማ ናት። ፍሎሪቤር ብዋና ቹይ በዚያች ከተማ ጁን 13 ቀን 1981 ተወለደ። የሕግ ትምህርቱን ፈጽሞ በአገሪቱ የሸቀጦች ጥራት መቆጣጠሪያ መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። ሥራው በድንበር የሚገባውን ምግብ መርምሮ የተበላሸውን ማስወገድ ነበር። ከሥራ ሰዓት ውጪ ደግሞ በ1968 ሮም ላይ ከተመሠረተው የሳንት ኤጂዲዮ ማኅበር አባላት ጋር ሆኖ በጎማ ጎዳናዎች የሚያድሩ ልጆችን ይረዳ ነበር።

በ2007 የተበላሸ ሩዝ ለማሳለፍ የፈለጉ ሰዎች ወደዚህ ወጣት መጡ። ከአንድ ሺህ ዶላር የጀመረው መማለጃ ከፍ እያለ እንደ ሄደ ይነገራል። ማባበሉ አልሆን ሲል ማስፈራራቱ ተከተለ። ፍሎሪቤር ሩዙ በሰው ጤና ላይ ምን ሊያደርስ እንደሚችል ሐኪም የሆኑ አንዲት መነኩሲት ጠየቀ። ገንዘቡ ፈጥኖ የሚያልቅ መሆኑን፣ ሩዙን የሚበሉት ሰዎች ግን ምን እንደሚሆኑ እንደሚያሳስበው አጫወታቸው። ሩዙ እንዲያልፍ አልፈቀደም። ጁላይ 7 ቀን ታፍኖ ተወሰደ፤ ከሁለት ቀን በኋላ አስከሬኑ ተገኘ። 26 ዓመቱ ነበር።

ብልጥ ነኝ የሚል ሰው እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ያነሣል፤ ጥያቄውም በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ገንዘቡን ተቀብሎ ለጎዳና ልጆቹ ቢያውለውስ ኖሮ? እራት፣ ደብተርና መጠለያ ይሆናቸው አልነበረምን? መጽሐፈ ሲራክ ለዚህ መልስ አለው፤ ከድኾች ገንዘብ የሚቀርብን መሥዋዕት ልጅን በአባቱ ፊት ከማረድ ጋር ያነጻጽረዋል። ንጽጽሩ ያስደነግጣል፤ ለጉቦ ግን በልክ የተሰፋ ይመስላል። በአንዱ ድኻ ሆድ የተገዛ እንጀራ ለሌላው ድኻ ምጽዋት ሊሆን አይችልም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የተበላሸው ሩዝ በርካሽ መሸጡ ስለማይቀር፣ ቀድሞ የሚደርሰው በእነዚያው የጎዳና ልጆች እጅ ላይ መሆኑ ነው።

ይሁንና የሲራክ መልስ የማይደርስበት አንድ ችግር ይቀራል። በደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ውስጥ ቁስለኛው በመንገድ ዳር ተጋድሟል፤ ደሙ ይታያል፤ ማለፍ ጨካኝነት መሆኑን መንገደኛው ሁሉ ያውቃል። በድንበር ኬላ ግን ፊት ያለው ጉቦ ሰጪው ነው። ይስቃል፣ ስለ ልጆቹ ይጠይቃል፣ ሸቀጡ ቢቃጠልበት እንደሚከስር በእንባ ይናገራል። ሩዙን የሚበላው ሰው ስም የለውም፣ ገና አልታመመም፣ ምናልባትም ሩዙን አልገዛውም። የፍሎሪቤር ቸርነት ልዩ የሚሆነው በዚህ ነው። ለለማኝ ሳንቲም የሚወረውር ሰው ምስጋና ይሰማል፤ ፊርማውን የነፈገ ተቆጣጣሪ ግን ያዳነው ሰው ሳያውቀው ይኖራል። እምቢታውም ከውጭ ሲታይ ቸርነት አይመስልም፤ ግትርነት ይመስላል።

ጌታ በምድረ በዳ የቀረበለት የመጀመሪያው ፈተናም ስለ እንጀራ ነበር። ለራበው ሰው እንጀራ ምን ክፋት አለው? በእንጀራው ላይ ክፋት የለም፤ ክፋቱ ከማን እጅና በምን ዋጋ እንደሚመጣ በሚለው ላይ ነው።

በቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዘንድ ሌላም ጥያቄ ይነሣል። ፍሎሪቤርን የገደሉት ሰዎች ሃይማኖትህን ካድ አላሉትም፤ የጠየቁት ፊርማ ብቻ ነው። ታዲያ ስለ ሩዝ የሞተ ሰው ሰማዕት ይባላልን? በ13ኛው መቶ ዓመት የነበረው ቶማስ አኲናስ ይህን የመሰለ ጥያቄ አንሥቶ ነበር። እንደ እርሱ አስተሳሰብ ለእግዚአብሔር ተብሎ የሚፈጸም በጎ ሥራ ሁሉ የእምነት ምስክርነት ነው። ማስረጃ አድርጎ የሚጠቅሰው መጥምቁ ዮሐንስን ነው፤ ዮሐንስ የተሰየፈው እምነቱን ካድ ተብሎ ሳይሆን የሄሮድስን ነውር በመገሠጹ ነው። ሮምም በዚሁ መንገድ ሄደች። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2023 ኪንሻሳ ላይ ለተሰበሰቡ ወጣቶች ስለ ሙስና ሲናገሩ የፍሎሪቤርን ታሪክ አነሡ፤ በኖቬምበር 2024 ሰማዕትነቱን አጸደቁ። የብፅዕናው ሥርዓት የተፈጸመው ጁን 15 ቀን 2025 ሮም ውስጥ ነው። የትውልድ ከተማው ጎማ ከዚያ አምስት ወር ቀደም ብሎ በጃንዩዋሪ በኤም 23 ታጣቂዎች እጅ ገብታ ነበር።

ውሳኔው የሚያስደስት ቢሆንም አንድ አደጋ አለው። ጉቦን እምቢ ያለ ሰው በመሠዊያ ላይ ከፍ ሲል፣ ሌላው ሰው «እኔ ሰማዕት አይደለሁም» ብሎ እፎይ ሊል ይችላል። ብዙው ሰው ግን በመታፈንና በገንዘብ መካከል እንዲመርጥ አይገደድም። የሚጠየቀው ወረቀት በቀን ወደ ኋላ እንዲጻፍ፣ ሚዛን ላይ ጥቂት ኪሎ እንዲጨመር፣ ወረፋ እንዲዘለል ነው። የካቶሊክ ትምህርተ ክርስቶስ ሙስናን «አትስረቅ» በሚለው ትእዛዝ ሥር የመደበው ለእነዚህም ጭምር ነው፤ ስርቆት መጠን አይመርጥም።

አማርኛ ለተማሪ መመዘኛም፣ ለመከራም፣ ለኃጢአት መገፋፋትም «ፈተና» የሚል አንድ ቃል ይሠራል። ይህ ለመምህርና ለሰባኪ ይመቻል፤ ፈተናውን ያወጣው ማን እንደሆነ ግን ይሸፍናል። ክርስቲያን ሁሉ በየዕለቱ ጸሎቱ ወደ ፈተና እንዳይገባ ይለምናል እንጂ በጀግንነት እንዲወጣው ብቻ አይለምንም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ በ1891 ስለ ሠራተኛ መብት ባወጡት መልእክት ሠራተኛ ራሱን ሊያኖረው የሚችል ደመወዝ እንዲከፈለው ማሳሰባቸውም ከዚህ ጸሎት ጋር አብሮ ሊነበብ ይገባል። ለወር የማይበቃ ደመወዝ እየከፈለ ሠራተኛውን በመቶ ሺህ ብር ሸቀጥ ፊት ለብቻው የሚያቆም አሠሪ ፈተናውን ራሱ አዘጋጅቷል፤ ሠራተኛው ሲወድቅም ከሳሹ ሆኖ ይቀርባል።