ባለሜዳ ማነው?

በኳስ ቋንቋ «ባለሜዳ» የሚባል ቃል አለ። በገዛ ሜዳው፣ በገዛ ወገኑ ፊት የሚጫወት ቡድን ማለት ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ ስንለው ኖረናል፤ ትርጉሙን ግን ቆም ብለን አስበንበት አናውቅም ነበር። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. አሳሰበን።

በዚያ ቀን ብሔራዊ ቡድናችን ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈ። እኛ ለገዳዲ፣ በደብረ ብርሃን መንገድ ዳር ባለች ሻይ ቤት ቴሌቪዥን ፊት ተጨናንቀን ጮኽን፣ ተቃቀፍን፣ ብርጭቆም ሰበርን። በወረቀት ላይ ባለሜዳዎቹ እኛ ነን። ጨዋታው የተካሄደው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነው! የአገራችን ስታዲየሞች የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የሚጠይቀውን ደረጃ አያሟሉም ስለተባለ፣ ባለሜዳ የሆንነው ሜዳ ተውሰን ነበር።

ነገሩን የሚያመረው ታሪኩ ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ይህንኑ የግብፅ ቡድን አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ የአፍሪካን ዋንጫ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀብሏል። በ1960 እና በ1968 ዓ.ም. ደግሞ ውድድሩን ዳግመኛ አስተናግደናል። እንግዳ ሲቀበል የኖረ ቤት ከስድሳ ዓመት በኋላ ራሱ በሰው አገር እንግዳ ሆነ።

«ታዲያ ምን ጎደለ?» አለን አንድ ጓደኛችን። «ድሉ ድል ነው። ለሲሚንቶ የሚፈሰው ገንዘብ ለክሊኒክ ቢውል አይሻልም?» ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ በቀልድ ልናልፈው ሞክረን አልሆነልንም።

በበኩላችን መልሳችንን ያገኘነው ከኳሱ ውጭ ነው። አዲስ አበባ ስታዲየም ሩጫም ይሮጥበታል። በኢድ ቀን ሰጋጁ ከውስጥ ሞልቶ እስከ ጎዳናው ይተርፋል። ከመቀመጫዎቹ ሥር ሱቅ አለ፤ ወያላው «ስታዲየም! ስታዲየም!» እያለ ይጣራል። ከሁሉም በላይ ግን እኛ ከዳር የምንመጣ ሰዎች ከተማ ስንገባ «ከየት ናችሁ?» መባል ለምደናል። እዚያ ደረጃ ላይ የጠየቀን የለም። ስማችንን የማያውቅ ሽማግሌ ቆሎውን ዘርግቶልን፣ ጎል ሲገባ ትከሻችንን ይዞ ሲንቀጠቀጥ፣ ለዘጠና ደቂቃ የማንም እንግዳ አልነበርንም። ቴሌቪዥኑ ጎሉን አሳየን፤ ሽማግሌውን ግን አላመጣልንም። የጎደለው ይኸ ነው፤ በነጥብ አይቆጠርም እንጂ ጉድለት ነው።

ይሁን እንጂ ይህን ካልን ሌላ ጥያቄ ይከተለናል። ስታዲየም ሲሠራ ብቻ ባለሜዳ እንሆናለን? በ2008 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረው አደይ አበባ ስታዲየም ከ60 ሺህ የማያንስ ተመልካች እንዲይዝ የታቀደ ነው። እሰየው፣ ይሠራ! እኛ በጨርቅ ኳስ ያደግንበት ሜዳ ግን ተሸንሽኖ ታጥሯል። የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ልጆች የዶርም ጓደኞቻችንም ስለየሰፈራቸው የሚያወሩት ይህንኑ ነው። ታናናሾቻችን አስፋልት ዳር ሁለት ድንጋይ ጎል አድርገው ይጫወታሉ፤ ሲኖትራክ ሲመጣ ኳሷን አንሥተው ይበተናሉ፤ ሲያልፍ ይመለሳሉ። ነገ በዚያ ትልቅ ስታዲየም መልበሻ ክፍል ገብቶ ማልያ የሚለብሰው ከነዚህ ካልመጣ ከየት ሊመጣ ነው? ለመመልከት ስድሳ ሺህ ወንበር ያዘጋጀ ሰው፣ ለመጫወት አንድ ጋሻ መሬት መንፈጉ ፍትሕ ነው ብለን መቀበል አቅቶናል። የሜዳ ባለቤትነት የሚጀምረው ከመርገጥ እንጂ ከመቀመጥ አይመስለንም።

ክርክሩ አላለቀም። ክሊኒክ ይቅደም ያለው ጓደኛችን ከአቋሙ ንቅንቅ አላለም፤ ጨዋታ ባለ ቀን ግን በሻይ ቤቷ የፊት ወንበር ቀድሞ የሚይዘው እሱ ነው።