ስለ ቴምብር ማኅተም ምስክርነት

ሰው ገንዘቤ ነው ብሎ በእጁ የያዘውን ነገር ሁሉ እንደ ወደደ ሊያደርገው ይገባዋልን? ይህ ጥያቄ ስለ ርስትና ስለ ቤት ብዙ ጊዜ ተመርምሮአል። እኛ ግን ዛሬ እጅግ ጥቂት በሆነ ነገር፥ በአሮጌ ቴምብር እንመርምረው፤ ጥቂቱ ነገር ትልቁን ይገልጠዋልና።

ቴምብር መሰብሰብ በብዙ አገር የታወቀ ሥራ ነው። ከሰብሳቢዎቹም አንዳንዶቹ የሚሹት የቴምብሩን ውበት አይደለም፤ በላዩ የተመታውን የከተማ ማኅተም ነው። ስለ ምን ቢሉ፥ የኦስትሪያ መንግሥት በ1842 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ቴምብር ባወጣ ጊዜ በቴምብሩ ላይ የታየው የመንግሥቱ ዓርማና ዋጋው ነበር እንጂ የአገሩ ስም አልተጻፈበትም። በባሕር ዳር በትሪየስተም ሆነ በሩቅ ምሥራቅ ጠረፍ በልቪቭ የሚለጠፈው ቴምብር መልኩ አንድ ነበረ፤ ደብዳቤው ከወዴት እንደ ተነሣ የሚናገረው ማኅተሙ ብቻ ነው። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ያ መንግሥት ፈረሰ፤ ዛሬ ትሪየስተ በኢጣልያ፥ ልቪቭም በዩክሬን ይገኛሉ። ስለዚህ በራሱ ርካሽ የሆነው ቴምብር የአንዲት ትንሽ የጠረፍ ከተማ ማኅተም ሲገኝበት ዋጋው ከፍ ይላል።

የአገራችንም ነገር ከዚህ የሚለይ አይደለም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የፖስታ ሥራ እንዲቋቋም ባዘዙ ጊዜ ሰባት ዓይነት ቴምብር በፓሪስ ታተመ፤ በአራቱ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፥ በሦስቱ የይሁዳ አንበሳ ተቀረጸ። ነገር ግን ኢትዮጵያ በ1901 ዓ.ም. ወደ ዓለም የፖስታ ኅብረት እስክትገባ ድረስ ቴምብራችን ከጠረፍ ወዲያ አይሠራም ነበርና፥ በጅቡቲ በኩል ወደ አውሮፓ የሚሄድ ደብዳቤ የፈረንሳዮቹ የጅቡቲ ቴምብር ይጨመርበት ነበር። እንዲህ ያለው ፖስታ የሁለት መንግሥት ቴምብርና ማኅተም በአንድነት ይዞ ሲገኝ፥ ያ ዘመን ምን ይመስል እንደ ነበር ያለ ተርጓሚ ይናገራል። ከሁለቱ አንዱን የላጠ ሰው ግን ይህን ነገር አጠፋው።

እንግዲህ በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም ከተማ፥ ወይም በዙሪያቸው ባለው ገጠር፥ አያት ያኖሩት ሣጥን ተከፍቶ የቆየ ደብዳቤ ተገኘ እንበል። የልጅ ልጅ መቀስ አንሥቶ ቴምብሩን ይቈርጥና ለገዥ ይሸጣል፤ የቀረውን ወረቀት እሳት ማቀጣጠያ ያደርገዋል። «ወረቀቱ የኔ ነው፤ ማን ይከለክለኛል?» ቢል በሕግ የሚከራከረው አይገኝም። ግን የከተማይቱን ስምና ቀኑን የያዘው ክብ ማኅተም ከሁለት ተከፍሎአል፤ ግማሹ ከቴምብሩ ጋር ሄደ፥ ግማሹም ተቃጠለ። ከየት ተጻፈ? ለማን ደረሰ? ስንት ቀን በመንገድ ቈየ? ከእንግዲህ የሚመልስ የለም።

የጎጃም ሊቃውንት ይህን ነገር ከቀድሞ ያውቁታል። በብራና መጽሐፍ ላይ ያጻፈውና የሰጠው ሰው ስም ይጻፋል፤ ቀጥሎም መጽሐፉን የሰረቀ ብቻ ሳይሆን ስሙን የፋቀም እንዲወገዝ ይነገራል። ሌባና ፋቂ በአንድ ፍርድ መቈጠራቸው ስለ ምን ነው? ሌባ ቢሰርቅ መጽሐፉ አንድ ቀን ሊመለስ ይችላል፤ የተፋቀ ስም ግን አይመለስም። ቴምብሩን ከፖስታው የሚቈርጥ ሰው ንብረቱ ቢሆንም ሥራው የፋቂ ሥራ ነው። በንጹሕ ቴምብር ላይ የሐሰት ማኅተም መትቶ የሚሸጥም በሐሰት ከመመስከር አይለይም።

«ሰብሳቢ ባይኖር ደብዳቤው ሁሉ የአይጥ መብል በሆነ ነበር» የሚል ቢነሣ፥ እውነቱን ነው። ብዙ ነገር ከጥፋት የዳነው በሰብሳቢዎች ትጋት ነው፤ ስለዚህም ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ያዳኑት ነገር አደራ ሆነባቸው እንጂ እንደ ፈቀዱ የሚያደርጉት አልሆነላቸውም። በአደራውም ውስጥ ልዩነት አለ፤ ማኅተሙ ለሰው ሁሉ እንዲታይ በአደባባይ የተመታ ነው፥ በውስጥ የተጻፈው ቃል ግን ለአንድ ሰው የተላከ ምስጢር ነው። ፖስታውን የገዛ ሁሉ የሟቹን ምስጢር አልገዛም።

«በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። የሚወረሰው ግን ሙሉ ሆኖ የተጠበቀው ነው። ስለዚህ የቆየ ደብዳቤ በቤቱ ያለው ሰው ከነፖስታው በደረቅ ስፍራ ያኑረው፤ ማን ለማን እንደ ላከው የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቆ በሌላ ወረቀት ይጻፍ፤ መሸጥም ቢያስፈልገው ሳይቈርጥ ይሽጥ። ገንዘብነቱ የአንድ ሰው ነው፤ ምስክርነቱ ግን ገና ያልተወለዱትም ድርሻ አላቸው።