ስለ ሌላው ሰው ድካም መርምሮ ስለ መጻፍ

የሰውን ሥራና መከራ መርምሮ መጻፍ የተመሰገነ ነገር ነው፤ ያልተጻፈ መከራ ቶሎ ይረሳልና። ዳሩ ግን መርማሪው ጥያቄውን በቤቱ አዘጋጅቶ፥ መልሱን ብቻ ከተጎዳው ሰው ወስዶ፥ ፍርዱን ደግሞ ለብቻው ሲሰጥ፥ የተጎዳው ሰው በገዛ ታሪኩ ውስጥ ምን ሆኖ ይቀራል? ምስክር ነውን? ወይስ እንደ ደንጊያና እንደ ዕፅ የሚታይ ግዑዝ?

ከአባያ ሐይቅ በላይ በገደል አፋፍ ላይ ኦቾሎ የምትባል የጋሞ አገር አለች። ማርክ አቤሌስ የሚባል ፈረንሳዊ ሊቅ በዚያ ተቀምጦ የሕዝቡን ጉባኤ ተመለከተና በ1983 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳተመ። ሥራው የተከበረ ነው። ነገር ግን የኦቾሎ ሽማግሌ ስለ ራሱ ሸንጎ የተባለውን ለማንበብ አስቀድሞ የባዕድ ቋንቋ መማር ይኖርበታል። ይህን ማለት ደራሲውን ለመንቀፍ አይደለም፤ የዘመኑ የምርምር ልማድ እንደዚያ ነበረና። ልማድ መሆኑ ግን ትክክል መሆኑን አያስረዳም።

ዛሬ ይኸው ጥያቄ በአዲስ ሥራ ላይ ተነሥቷል። ሳማ የሚባል ኩባንያ በ2015 ዓ.ም. እስኪተወው ድረስ በናይሮቢ ከተማ የፌስቡክን ይዘት የሚቆጣጠሩ ሠራተኞች ነበሩት። እነዚህ ሰዎች ሕዝብ የሚለጥፈውን ጽሑፍና ሥዕል ተንቀሳቃሹንም ፊልም እየተመለከቱ ይቆይ ወይም ይጥፋ ብለው ይወስኑ ነበር። ከመካከላቸው ብዙዎቹ የአገራችንን ቋንቋ በማወቃቸው የተቀጠሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ሌላው ሰው አይቶ እንዳይደነግጥ እነርሱ አስቀድመው ያያሉ፤ መታረድን፥ መደፈርን፥ የሕፃናትን ሥቃይ። በሰሜኑ ጦርነት ዘመንም የገዛ አገራቸው ሰዎች ሬሳ በፊታቸው ያልፍ ነበር። ታይም የተባለው መጽሔት በ2022 እ.ኤ.አ. እንደ ጻፈው፥ ለአንዱ ነገር ፍርድ ለመስጠት የሚጠበቅባቸው ጊዜ በአማካይ 50 ሴኮንድ ያህል ነበር።

በግንቦት 2014 ዓ.ም. ዳንኤል ሞታውንግ የተባለ የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ፥ የቀድሞ ሠራተኛ፥ ሜታንና ሳማን በኬንያ ፍርድ ቤት ከሰሰ። በመጋቢት 2015 ሠራተኞች ከሥራ በመሰናበታቸው ምክንያት ሌላ ክስ አቀረቡ፥ የከሳሾቹም ቁጥር በኋላ ከ180 በላይ ሆነ፤ በሚያዝያ 23 ቀንም ከ150 በላይ የሆኑ ሰዎች በናይሮቢ ተሰብስበው ማኅበር ለማቋቋም ወሰኑ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል ሐኪም ከመረመራቸው መካከል ከ140 በላይ የሚሆኑት አሰቃቂ ነገር በማየት የሚመጣ የአእምሮ ሕመም እንዳለባቸው ታወቀ። ጋዜጠኛውም የሕግ ዐዋቂውም የዩኒቨርሲቲው መምህርም እነርሱን መጠየቅ ያዘ።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ። ሠራተኞቹ ሲቀጠሩ ያዩትን ለማንም እንዳይናገሩ ፈርመው ነበር። የንስሐ አባትም የሰማውን አይናገርም፤ ስለዚህ ሁለቱ ሥራዎች በመልክ ይመሳሰላሉ። ዳሩ ግን የካህኑ ዝምታ የሚጠብቀው ኃጢአቱን የተናዘዘውን ነው። የእነዚህ ዝምታ የሚጠብቀው ማንን ነው? የታረደውን አይደለም፤ ያየውንም አይደለም። የተጎዳው ዝም ሲል የሚጠቀመው ኩባንያው ብቻ ከሆነ ዝምታው ምስጢር መባል አይገባውም። በዝምታው ላይ ደግሞ ከውጭ የመጣው መርማሪ ነገሩን በራሱ ቃል ሲተረጉምለት ሰውዬው ሁለት ጊዜ አፉን ይያዛል፤ አንድ ጊዜ በውል፥ አንድ ጊዜ በምሁር።

ይህን ያስተዋሉ አሉ። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ በ2014 ዓ.ም. በመሠረተችው በዴይር የምርምር ተቋምና በጀርመን አገር ባሉ ምሁራን ትብብር፥ በሚላግሮስ ሚሴሊ መሪነት፥ የመረጃ ሠራተኞች ምርመራ የሚባል ሥራ በ2016 ዓ.ም. ለሕዝብ ወጣ። በዚህ ሥራ ሠራተኛው ተጠያቂ ብቻ አይደለም፤ ራሱ መርማሪ ሆኖ ይከፈለዋል፥ ጥያቄውንም ራሱ ይመርጣል። ፋሲካ ብርሃነ ገብረኪዳን የተባለች ኢትዮጵያዊት ጋዜጠኛ በናይሮቢ በዚህ ሥራ ላይ የነበረች ናት፤ የሥራ ባልደረቦቿን ጠይቃ ስለ አእምሮ ሕመማቸውና ሥቃያቸውን ለመርሳት ስለ ያዙት ሱስ ጻፈች። ሱስን ለማያውቁት ሰው መናገር ያሳፍራል፤ አብሮ ለተቀመጠ ግን ይነገራል። የዚህ ዓይነቱ ምርመራ ሐሳብ ካርል ማርክስ በ1880 እ.ኤ.አ. ለፈረንሳይ ሠራተኞች ካዘጋጃቸው መቶ ያህል ጥያቄዎች የመጣ ነው። ይህ ስም በአገራችን ብዙ ቤት ያለቀሰበት ነው፤ ቢሆንም ሠራተኛን ስለ ሥራው ራሱን መጠየቅ ስሙን የጠራው ሁሉ ከሠራው የተለየ ነገር ነው።

የሚቃወም ሰው ግን ሊነሣ ይችላል፤ ቃሉም ቀላል አይደለም። የተጎዳ ሰው በገዛ ነገሩ ዳኛ ሊሆን አይገባም፤ ሐዘን ዓይንን ይጋርዳል፤ በፍርድ ቤት ክስ ያለው ሰውም የሚያሸንፍበትን ብቻ ይመርጣል ይላል። ገንዘብ የተከፈለው ምስክር አይታመንም የሚልም አለ፤ ለዚህኛው መልሱ አጭር ነው፥ መምህሩም ደመወዝተኛ ነው። የፊተኛው ግን በአርባ ምንጭ የሆነውን እንድናስታውስ ያስገድዳል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች በተገደሉ ጊዜ የአርባ ምንጭ ወጣቶች ለበቀል ተነሡ። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በመንገዱ ላይ ተንበረከኩ፥ ወጣቶቹም ተመለሱ። የተንበረከኩት የሟቾቹ ወገኖች ነበሩ። ሐዘኑ የራሳቸው ስለ ሆነ ቃላቸው ተሰማ፤ ከሩቅ የመጣ ገለልተኛ ሰው እንደዚያ ቢያደርግ ማን ይሰማው ነበር? ስለዚህ ለነገሩ ቅርብ መሆን ፍርድን ሁልጊዜ ያጠፋል ማለት አይቻልም። መርማሪውም ሚዛኑን እንዲተው አልተጠየቀም፤ ሚዛኑ ላይ ምን እንደሚቀመጥ ብቻውን እንዳይወስን እንጂ።

ይሁን እንጂ የጋሞ ዱቡሻ ራሱ ሌላውን ችግር ያሳያል። ዱቡሻ ሽማግሌ መርቆ የሚከፍተው፥ ሰው በየተራ የሚናገርበት፥ እስኪስማሙ የሚቀመጡበት አደባባይ ነው። ነገር ግን ሸክላ የሚሠሩት ማናና ቆዳ የሚያለፉት ደጋላ ለረጅም ዘመን ከማላው ጋር እኩል አፍ አልነበራቸውም። ጉባኤ መኖሩ ብቻ ሁሉ ተናገረ አያሰኝም። በናይሮቢም እንደዚሁ ነው። በማኅበር የቆሙት፥ በእንግሊዝኛ በጋዜጣ የሚናገሩት፥ ደፋሮች ናቸው። የመኖሪያ ፈቃዱ ከሥራው ጋር የታሰረበት ሰው ግን፥ ወደ አገሩም ለመመለስ የሚፈራው፥ ከስብሰባው በስተኋላ ይቀመጣል። ሦስት አንደበተ ርቱዓን መርጦ ሠራተኞቹን አማከርሁ የሚል መርማሪ ቀላሉን አደረገ፤ የሚከብደው ስሙን መናገር የማይችለውን ሰው በሥራው ውስጥ ማስገባት ነው።

ይህ ደግሞ የጥያቄን ነገር ያመጣል። ሁሉም እየመጣ የሚጠይቀው፥ ካየኸው ሁሉ የከፋው የትኛው ነው? የሚል ነው። አንባቢ ይህን ለማወቅ እንደሚጓጓ የታወቀ ነው። ሠራተኞቹ ጥያቄውን ራሳቸው ቢያዘጋጁት ኖሮ ግን ስለ 50ው ሴኮንድ ማን እንደ ወሰነ፥ ሐኪም ማን እንደ ከለከለ፥ ከሥራ የተሰናበተው ዛሬ በምን እንደሚተዳደር ለመጠየቅ ይቀድሙ ይሆናል። የከፋውን ተናገር የተባለው ሰው ሥራውን ከተወ ቆይቷል፤ ያንኑ ሥዕል ግን በመርማሪው ፊት ዳግመኛ ይመለከተዋል፥ በዚህ ጊዜ ደመወዝ እንኳ ሳይኖረው።