እንዴት አደራችሁ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እናቴ ሰላምታ አታሳጥርም። ሰው ስታገኝ «እንዴት አደርክ» ብላ አታልፍም፤ ልጆቹ እንዴት እንዳደሩ፣ ከብቱ እንዴት እንዳደረ፣ የታመመው አጎቱ እንዴት እንዳደረ አንድ በአንድ ትጠይቃለች፤ መልሱንም ቆማ ትሰማለች። እኔ አገር ቤት ሳለሁም ችኩል ነበርሁ፤ ሂዩስተን ከገባሁ ወዲህ ደግሞ ባሰብኝ። ቃሉን በየቀኑ ከአፌ አወጣዋለሁ እንጂ የሚጠይቀውን ነገር፣ ያ ሰው ጨለማውን እንዴት እንዳለፈው፣ ከልቤ የጠየቅሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። የሐምሌ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. አውሎ ነፋስ ይህንን ሰላምታ እንደ አዲስ አስተማረኝ። የተማርሁትን ልነግራችሁ ነው፤ ጥፋቴንም አልደብቅም።

ነፋሱ ቤሪል ይባላል። ሰኔ 24 ቀን ግሬናዳ ውስጥ ያለችውን ካሪያኩ የተባለች ትንሽ ደሴት መትቶ ቤቶቿን አፈራረሰ። ብዙም ሳይቆይ ከአምስቱ ደረጃዎች ከፍተኛው፣ ካቴጎሪ 5 ሆነ፤ መዝገብ ከተያዘ ወዲህ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ከዓመቱ ይህን ያህል ቀድሞ እዚያ ደረጃ የደረሰ አውሎ ነፋስ የለም። ከዚያም በጃማይካ ጠረፍ አልፎ፣ የሜክሲኮን ዩካታን አቋርጦ ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ገባ። እኛም በቴሌቪዥን እንከታተላለን። እዚህ የኖረ ሰው ያንን ካርታ ያውቀዋል፤ ነፋሱ ሊሄድበት የሚችለው መንገድ እንደ መለከት አፍ እየሰፋ ይሳላል። መለከቱ መጀመሪያ ያመለከተው ወደ ሰሜን ሜክሲኮና ወደ ቴክሳስ ደቡብ ጫፍ ነበር። ባለቤቴ «እሰይ፣ እኛን አልፎናል» አለች፤ እኔም «ተመስገን» አልሁ።

ያንን «ተመስገን» ዛሬም አስበዋለሁ። እኛን አለፈን ማለት ሌላው ላይ ወደቀ ማለት ነው። በመለከቱ አፍ ውስጥ የሚኖሩ እናቶችም በዚያች ሰዓት ልጆቻቸውን አቅፈው ያንኑ ካርታ ያያሉ። ማዕበሉን ጸጥ አድርግልን ብሎ መጸለይን ከወንጌል ተምረናል፤ ደቀ መዛሙርቱ በታንኳዋ ውስጥ ሆነው የጮኹት ይህንኑ ነው። ወደ ሌላው አዙርልን ብሎ መጸለይን ግን ከየት ተማርነው? በቃል ባንናገረውም ልባችን ብሎታል፤ እግዚአብሔርም የሚሰማው ልብን ነው።

ቅዳሜ መለከቱ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ዞሮ ወደ እኛ ቀና።

እንሽሽ ወይስ እንቀመጥ የሚለው ጥያቄ በየቤቱ የሚነሣው ይሄኔ ነው። መሸሽ የእምነት ማነስ አይደለም። የዚህ አገር የአውሎ ነፋስ ወቅት የሚገባው ግንቦት 24 ቀን ነው፤ እመቤታችን ልጇን ይዛ ግብጽ የገባችበት መታሰቢያ በሚውልበት ዕለት። ልጇ ማን እንደሆነ እያወቀች ሸሸች። ሆኖም ሽሽት ሁሉ አያድንም። በ2005 እ.ኤ.አ. ሪታ የተባለችው አውሎ ነፋስ ስትመጣ ሕዝቡ ከሂዩስተንና ከአካባቢዋ በአንድ ጊዜ ነቅሎ ወጣ፤ በመንገድ ላይ በሙቀትና በአደጋ ያለቀው ሰው ነፋሱ ከገደለው በለጠ። ስለዚህ ነገሩን የሚያውቁት ሰዎች ከውሃ ሽሹ፣ ከነፋስ ተሸሸጉ ብለው ይመክራሉ። በባሕሩ ጠረፍ የሚኖረው ይወጣል፤ ራቅ ብሎ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለው ቤቱን ዘግቶ ይቀመጣል። በ2017 እ.ኤ.አ. ሃርቪ በጥቂት ቀናት ውስጥ በአንዳንድ ቦታ ከ1 ሜትር ተኩል በላይ ዝናብ አወረደ፤ አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ከምታገኘው ይበልጣል። ያኔ እንኳ የእኛን ሰፈር ውሃ አልገባውም ነበርና ለመቀመጥ ወሰንን።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤቱ የድግስ ቤት መሰለ። መብራት ከጠፋ ምጣዱ አይሠራም፤ ስለዚህ ባለቤቴ የቀረውን ሊጥ ሁሉ ጋግራ ጨረሰችው። የሰኔ ጾም ነበርና ሥጋና ወተት ይበላሽብናል የሚል ሐሳብ አልነበረብንም። እናቴ ከአገር ቤት ያመጣችውን በሶና ቆሎ አወጣች። ልጆቹ የመታጠቢያ ገንዳውን በውሃ ሞሉት፤ ለመጠጥ ሳይሆን ለሽንት ቤት የሚሆን። ፓስፖርቱና የክርስትና ካርዱ በፕላስቲክ ተጠቀለለ። ባትሪ፣ ሻማ፣ የእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት፣ ጥሬ ገንዘብ ተዘጋጀ፤ መኪናው ነዳጅ ተሞላ። ወንበሩ፣ የአበባ ማሰሮው፣ ብስክሌቱ ከግቢ ወደ ቤት ገባ፤ በነፋስ ጊዜ ውጭ የቀረ ዕቃ ሁሉ እንደ ጥይት ይወረወራል። ለማቀዝቀዣው ብለን የገዛነውን ትንሽ ጄኔሬተርም ሞከርነው፤ ሠራ።

«እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥን እምነት የሚሉ ወገኖች አሉ። ኖኅ እንዲህ አላለም። ዮሴፍም በጥጋቡ ዘመን 7 ዓመት እህል ያከማቸው እምነት ጎድሎት አይደለም። ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮኽ ውሻ ለማንም አይጠቅምም። ስለዚህ ያን ምሽት ዝርዝራችንን ይዤ በየመስመሩ ምልክት ሳደርግና የቀረ ነገር ሳጣ ደስ አለኝ። እንቅልፍ እስኪወስደኝ ድረስ ራሴን ከአምስቱ ልባሞች ደናግል ጋር ቈጠርሁ።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ቤሪል በቴክሳስ ጠረፍ ላይ በማታጎርዳ አጠገብ የብስ ረገጠ። በዚያ ሰዓት ካቴጎሪ 1 ነበር፤ ከአምስቱ ደረጃዎች ዝቅተኛው። ፍጥነቱ ግን በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዝቅተኛ የሚለው ቃል ነፋሱ በጣሪያህ ላይ ሲያልፍ ትርጉም የለውም። እኛ ጋ ሲደርስ መብራቱ ሁለት ጊዜ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ፍራሾቹን ጎትተን መስኮት በሌለው ኮሪደር ውስጥ ተሰበሰብን። ድምፁን ለልጆቹ ላስረዳ ፈልጌ ቃል አጣሁ፤ እናቴ ግን «የሞላ ወንዝ ነው የሚመስለው» አለች፤ ልክ ነበረች። የሞላ ወንዝ ከራሳችን በላይ ይወርዳል። በመካከሉ ዛፍ ሲሰበር እንደ ተኩስ ይሰማል፤ ግድግዳው በጀርባችን በኩል ይንቀጠቀጣል። ትንሹ ልጃችን ጣሪያው ተነሣ እያለ ያለቅሳል። እናቴ ውዳሴ ማርያምን በቃሏ ትደግማለች። ነጋ፤ ነፋሱ ግን አልበረደም፤ እንዲያውም ከንጋት በኋላ ጠነከረ።

በዚያ ኮሪደር ውስጥ ተቀምጬ ሁለት ገመዶች ትዝ አሉኝ። አንደኛው በሐዋርያው ጳውሎስ መርከብ ላይ የነበረው ነው። 276 ነፍስ የያዘችው መርከብ በማዕበል ስትናጥ መርከበኞቹ በሌሊት ትንሿን ጀልባ አውርደው ለብቻቸው ሊያመልጡ ተነሡ። ጳውሎስም እነዚህ በመርከቡ ካልቀሩ ሌላውም እንደማይድን ለመቶ አለቃው ነገረው፤ ወታደሮቹ የጀልባዋን ገመድ ቈረጡት። ሁሉም በደህና የብስ ወጡ። ሁለተኛው ገመድ ከእኛ ቤት በመኪና አንድ ሰዓት ያህል በምትርቀው በጋልቬስተን ደሴት የነበረው ነው። በ1900 እ.ኤ.አ.፣ ሴፕቴምበር 8 ቀን ባሕሩ ከተማዋን ዋጣት፤ በትንሹ ግምት 6,000 ሰው አለቀ። በጠረፉ ላይ የካቶሊክ መነኮሳት ወላጅ አልባ ሕፃናትን የሚያሳድጉበት ቤት ነበር። 10ሩ መነኮሳት 90 ያህሉን ሕፃናት በልብስ ማስጫ ገመድ ከራሳቸው ጋር አሰሩ። ቤቱ ፈረሰ። የዳኑት ሦስት ልጆች ብቻ ናቸው። መነኮሳቱም ሞተው ሲገኙ ሕፃናቱ ከእነርሱ ጋር እንደታሰሩ ነበሩ።

አንደኛው ገመድ ተቈረጠ፣ ሁለተኛው አልተቈረጠም፤ ሁለቱም ግን ለብቻዬ አልድንም የሚሉ ናቸው። በአንደኛው ሁሉም ዳኑ፤ በሌላው ጥቂት ሲቀሩ ሁሉም ሞቱ። ስለዚህ ከአውሎ ነፋስ የተረፈ ሰው «ጸሎቴ ስለተሰማ ነው» ብሎ በሞተው ላይ አይፍረድ። የጋልቬስተን መነኮሳት ከእኛ ያነሰ አልጸለዩም።

ነፋሱ የበረደው ረፋዱ 5 ሰዓት አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን በተራ ልንገራችሁ። ጣሪያውን ዞሬ አየሁ። ለኢንሹራንስ ፎቶ አነሣሁ። የጓሮው የእንጨት አጥር ከዳር እስከ ዳር ወደ ጎረቤት ግቢ ተኝቷል፤ እሱንም ፎቶ አነሣሁ። ጄኔሬተሩን ከበርና ከመስኮት አርቄ ውጭ አስነሣሁት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ከስብከቴ ሁሉ ይህን ብቻ ብትይዙልኝ እንኳ ይበቃኛል፦ ጄኔሬተር ቤት ውስጥ ወይም ጋራዥ ውስጥ አታስነሡ፤ ከቤቱ ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ። የሚገድለው ጋዝ ሽታ የለውም፤ የተኛ ቤተሰብ ሳይነቃ ይቀራል። ቀጥሎ ማቀዝቀዣውን ሰካሁ። የስልኩ መሥመር ሲመለስ ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር፣ ከቨርጂኒያ ያልደወለ ዘመድ የለም። እንዴት አደራችሁ? እንዴት አደራችሁ? ደህና ነን፣ ተመስገን። ሦስት ሰዓት እንዲህ አለፈ።

ከዚያ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ በወደቀው አጥር በኩል ቆማ አየኋት።

«ያቺ ሴትዮ እንዴት አደረች?» አለችኝ።

«የትኛዋ?»

«ማዶ ያለችው ናታ። መጋረጃዋ እስካሁን አልተገለጠም።»

ስሟን አላውቅም ነበር። አራት ዓመት አጥር ተጋርተናል። መኪናዋ ስትቆም አይቻለሁ፣ እጄን አንሥቼ ሰላም ብያለሁ፤ ስሟን ግን አላውቅም። እናቴ መልሴን አልጠበቀችም። በወደቀው አጥር ላይ ተራምዳ ሄዳ በሩን አንኳኳች። እንግሊዝኛ አትችልም። «እንዴት አደርሽ፣ እኅቴ?» አለች፤ በአማርኛ። ከውስጥ ደካማ ድምፅ መለሰላት።

ሴትዮዋ በወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። ኦክስጅን የሚሰጣት ማሽን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ መብራት ከጠፋ ጀምሮ ዝም ብሏል። በመጠባበቂያ ከያዘቻቸው ሁለት ትንንሽ ሲሊንደሮች አንዱ አልቋል፣ ሁለተኛውም ሊያልቅ ተቃርቧል። ስልኳ ባትሪ ጨርሷል። እኔ ፎቶ ሳነሣ፣ እኔ ስልክ ሳወራ፣ እርሷ ከእኔ ሃያ እርምጃ ርቀት ላይ ትንፋሿን እየቈጠረች ነበር። ማቀዝቀዣውን ነቀልሁ። ገመዱን በወደቀው አጥር ላይ አሳልፈን በመስኮቷ አስገባነው፤ ማሽኑ ሠራ። አጥሩ ቆሞ ቢሆን ኖሮ እናቴ መጋረጃውን ባላየችም ነበር። ይህን ባሰብሁ ቍጥር እደነግጣለሁ።

የዐሥሩን ደናግል ምሳሌ ብዙ ጊዜ ሰብኬያለሁ። ልባሞቹ ዘይታቸውን አላካፈሉም የሚለው ክፍል ሁልጊዜ ይከብደኝ ነበር፤ ቸር የሆነው ጌታ ለምን እንዲህ ያሉትን አመሰገነ? ዮሐንስ አፈወርቅ ዘይቱን ምጽዋትና ርኅራኄ ብሎ ይተረጕመዋል። ይህንም አስተምሬያለሁ፤ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው። ርኅራኄ ሙሽራው በር ላይ ሲደርስ ከሌላ ሰው የሚበደሩት ነገር አይደለም። በቤቴ ገንዳው ሞልቷል፣ ነዳጁ ሞልቷል፣ ዝርዝሩ በምልክት ሞልቷል፤ በዝርዝሩ ላይ ግን ከአጥሩ ማዶ የሚኖር አንድም ሰው አልነበረም። ማሰሮዬን ሁሉ ሞልቼ ዘይቱን ረስቼው ነበር። በቤታችን ዘይት ይዛ ያደረችው የዝርዝሩን ፊደል እንኳ የማታነበው እናቴ ናት። እርሷ ያደረገችው ሰላምታዋን አለማሳጠር ብቻ ነው።

በሂዩስተንና በአካባቢዋ ከ2 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች መብራት ጠፍቶባቸው ነበር፤ አንዳንዶቹ ከሳምንት በላይ በጨለማ ቆዩ። በዚያ የሐምሌ ሙቀት፣ ያለ አየር ማቀዝቀዣ፣ ነፋሱ ካለፈ በኋላ በቤታቸው በሙቀት የሞቱ ሰዎች አሉ። ነፋስን የሚያቆም ሰው የለም። በሞቀ ክፍል ውስጥ የተቀመጠን ሽማግሌ ግን በሩን የሚያንኳኳ ሰው ሊያድነው ይችላል። እኛ ቤት መብራቱ የመጣው በስድስተኛው ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ ማሽኑ በእኛ ገመድ ሠራ፤ የተጋገረው እንጀራም ለሁለት ቤት በቃ። ሴትዮዋ እናቴን ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርሽ» ማለት ተምራለች፤ በዚያ አጠራሯ ስትለው ከእኔ ይልቅ ታምርበታለች።

ወገኖቼ፣ በየከተማው ዕድር አለን። ሰው ሲሞት ድንኳን እንተክላለን፣ አስከሬን አገር ቤት እንሸኛለን፤ ይህ ክብራችን ነው። ነገር ግን ዕድራችን የሟቹን ስም ብቻ ሳይሆን ብቻውን የሚያድረውን ሰው ስም ይወቅ። በኤሌክትሪክ ማሽን የሚተነፍስ ማን ነው? መድኃኒቱን በማቀዝቀዣ የሚያኖር ማን ነው? መኪና የሌለው፣ እንግሊዝኛ የማይሰማ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ማን ነው? ሰበካ ጉባኤውና ዕድሩ ግንቦት 24 ከመድረሱ በፊት ይህን መዝግበው ለእያንዳንዱ የሚደውልለትንና ሄዶ የሚያየውን ሰው ይመድቡ። መዝገቡ በእኛ ሰው አይወሰን፤ በወንጌሉ ታሪክ ቍስለኛውን ከመንገድ ያነሣው ሳምራዊም ዘመዱ አልነበረም። ወቅቱ እስከ ኅዳር ጽዮን ድረስ ይቆያል፤ ረጅም ነው። እናንተ ግን እስኪገባ አትጠብቁ። ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ ተነሡ፤ በግራና በቀኝ ያለውን በር አንኳኩ፣ እንዴት አደራችሁ በሏቸው፣ ስማቸውንም ጠይቁ።