ስለ ካሳና ስለ ይቅርታ

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል። ይህ ምሳሌ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ቂም ነው። ነገር ግን የተወጋ ሰው የማይረሳው ቂመኛ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ ቁስሉ በየማለዳው ስለሚያስታውሰው ነው። እንግዲህ በሕዝብ ማመላለሻ መኪና ተሳፍሮ ሲሄድ የተጎዳ ሰው ካሳ ቢጠይቅ ይቅርታን ያጎድላልን? ይቅር ያለስ እንደ ሆነ ካሳውን ይተው ዘንድ ግዴታ አለበትን? ይህ ጥያቄ በየሐኪም ቤቱ ደጅና በየሽማግሌው ሸንጎ የሚነሣ ነውና ሊመረመር ይገባል።

ለምሳሌ ያህል የአንድ ሸማኔ ነገር ይታሰብ። ሸማኔው ከመርካቶ ድርና ማግ ገዝቶ በአውቶቡስ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲመለስ፥ ነጂው ከሌላ መኪና ጋር ሲሽቀዳደም አውቶቡሱ ከግንብ ጋር ይላተማል። ሸማኔው ወደ ፊት ተወርውሮ በቀኝ እጁ ላይ ይወድቃል። ተነሥቶም አቧራውን ያራግፍና «ተመስገን፥ ተርፌአለሁ» ብሎ በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሌሊት እጁ ያብጣል። በሦስተኛው ቀን ባለመኪናው ሽማግሌዎች አስከትሎ፥ ጥቂት ብርና አንድ ወረቀት ይዞ ይመጣል። ሽማግሌዎቹም «ልጃችን፥ ከላይ የመጣ ነው፤ ነጂውም እንዳንተ የልጆች አባት ነውና ይቅር በል» ይሉታል። ሸማኔው ሽበታቸውን አፍሮ ይፈርማል። ከሁለት ወር በኋላ ግን አጥንቱ ተጣሞ መግጠሙ ይታወቃል፤ እጁም መወርወሪያ መወርወር ይሳነዋል።

ሽማግሌዎቹ ሰላምን መሻታቸው በደል አይደለም። ስሕተቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ማድረጋቸው ነው። ይቅርታ የልብ ነው፤ ካሳ ግን የዕዳ ነው። ይቅር የሚል ሰው ቁጣውንና በቀሉን ይተዋል። ቁጣውን በመተዉ ግን የተጣመመው አጥንት አይቃናም፤ የልጆቹም እንጀራ አይጋገርም። እንዲያውም ሸማኔው ሳያውቅ የለገሰው የራሱን ብቻ ሳይሆን የልጆቹን ጭምር ነው።

ይህ ልዩነት አዲስ አይደለም። በኦሪት ዘጸአት በ21ኛው ምዕራፍ ሁለት ሰዎች ተጣልተው አንዱ ሌላውን ቢመታ፥ የተመታውም ሳይሞት በአልጋ ላይ ቢውል፥ መቺው ሥራ ስለ ፈታበት ዘመን ይክሰው፥ ያስታምመውም ዘንድ ታዝዟል። ተዋጊ በሬ ያለው ሰውም አስቀድሞ ተነግሮት ሳይጠብቀው ቢቀር፥ በሬው ላደረሰው ጉዳት ጌታው ይጠየቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ከዚህ አልፎ፥ ባለመኪና ምንም ጥፋት ባይኖርበት እንኳ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799ም መኪና ሁሉ ለሦስተኛ ወገን የመድን ዋስትና ሳይገባለት በመንገድ እንዳይነዳ፥ በመኪና አደጋ የተጎዳም ሰው አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ደንግጓል።

ምናልባት «ነጂው ድኻ ነው፤ ካሳ መጠየቅ እርሱን ማጥፋት ነው» የሚል ይኖራል። ነገር ግን የወንጀሉ ፍርድና የካሳው ክርክር የየራሳቸው መንገድ አላቸው። ካሳ ጠያቂ የነጂውን መታሰር አይለምንም፤ የሚጠይቀውም ባለመኪናውንና መድን ሰጪውን ነው። ከዚህም የሚበልጥ ምክንያት አለ። የተጎዳ ሰው ስለ ራሱ ጉዳት ይቅር ሊል ሥልጣን አለው፤ ነገ በዚያው መኪና ስለሚሳፈር ሰው ግን ይቅር ሊል ሥልጣን የለውም። የሚሽቀዳደም ነጂና ያረጀ ፍሬን በዝምታ ሲሸፈኑ፥ ያ ዝምታ ምሕረት ይመስላል እንጂ ምሕረት አይደለም፤ አደጋውን ወደ ሌላው ማስተላለፍ ነው።

ስለዚህ ተጎጂው አስቀድሞ ሥጋውን ያድን። ደም ሲፈስ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን ይገባል። አንገቱን ወይም ጀርባውን የታመመውን ሰው፥ እሳት ወይም ሌላ አደጋ ካላስገደደ በቀር፥ ማንሣትና ማንገላታት አይገባም። ሕመም ያልተሰማውም ቢሆን ሐኪም ይየው፤ የራስና የሆድ ውስጥ ጉዳት ከሰዓታት በኋላ ሊገለጥ ይችላልና። ከዚያም ነገሩን ለፖሊስ ያስመዝግብ፤ የመኪናውን የሰሌዳ ቁጥርና የምስክሮችን ስም ይያዝ፤ የሕክምናውንም ወረቀት አያጥፋ። ሐኪሙ የጉዳቱን ልክ ሳይነግረው በዕርቅ ወረቀት ላይ አይፈርም፤ እንዲህ ያለው ዕርቅ በሕግ ፊት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይጸናልና። ደግሞም አይዘግይ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት።

በዚያው ልክ ተጎጂውም ከእውነት አይለፍ። ያልታመመውን ታመምሁ፥ ያልጠፋበትን ጠፋብኝ የሚል ሰው ካሳውን ወደ ቅሚያ ይለውጠዋል፤ ከእርሱም በኋላ የሚመጣው እውነተኛ ተጎጂ እንዳይታመን ያደርጋል። ለነጂውም ክፉ አይመኝ።

ሕጉ ራሱ የገንዘብን ድንበር ያውቃል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የጠፋውን ንብረትና የቀረውን ገቢ በልኩ እንዲካስ ሲያዝ፥ ስለ ኅሊና ጉዳት የሚሰጠውን ግን ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኗል። ይህ መጠን እጅግ አነሰ የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ሆኖም ከፍ ቢልም እንኳ፥ የሸማኔውን የድንጋጤ ሌሊትና በባዶ ሸማ ዕቃ ፊት ተቀምጦ የዋለበትን ቀን ሊገዛ የሚችል ብር የለም። ካሳ የማይደርስበት ቦታ ይህ ነው፤ የይቅርታም ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

እንግዲህ ሽማግሌዎች ይምጡ፤ መምጣታቸው መልካም ነው። ነገር ግን ተራውን ይጠብቁ። በመጀመሪያው ቀን ተጎጂውን ወደ ሐኪም ይውሰዱት፤ የጉዳቱ ልክ ሲታወቅ ባለመኪናው የሚገባውን እንዲከፍል ይምከሩት፤ ከዚያ በኋላ ነጂውንና ሸማኔውን በአንድ ማዕድ ያስቀምጡ። ያን ጊዜ የወጋውም ሳይረሳ፥ የተወጋውም ሳይቂም አብረው ሊበሉ ይችላሉ።