በሰው ነፍስ ላይ ተወኩል ይቻላልን?

ስለ ኢንሹራንስ በተነሳ ቁጥር በመካከላችን የሚሰማው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ «ሐላል ነው ወይስ ሐራም?» የሚል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሙስሊም የሆነ ሰው ገንዘቡ ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ ግድ ይለዋል። ይሁን እንጂ ከዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ጉዳት ቢደርስ ዕዳው የማን ነው?» የሚለው ነው። ይህን ሳይመልሱ የመጀመሪያውን ብቻ ደጋግሞ መጠየቅ፣ በተለይ በሕንፃ ተቋራጭነት ለተሰማሩ ወንድሞቻችን፣ የኅሊና መሸሸጊያ እየሆነ መጥቷል።

ነገሩን በአንድ አካባቢ ላይ አድርገን እንመልከተው። ከደሴ ተነስቶ በአቀስታ በኩል የምዕራብ ደቡብ ወሎን ደጋ የሚያቋርጠው መንገድ የቦረና ወረዳ ከተማ ወደሆነችው መካነ ሰላም ያደርሳል። መካነ ሰላም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢ የሚገኝባት ከተማ ናት። እንደ ሌሎቹ የወሎ ከተሞች ሁሉ እርሷም ከጭቃ ቤት ወደ ብሎኬትና አርማታ የተሻገረች ናት። ፎቅ በሚነሳበት ቦታ ሁሉ ደግሞ የባሕር ዛፍ ፖንቴ ይቆማል። በዚያ ፖንቴ ላይ ሲሚንቶ ተሸክሞ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ከሳይንት፣ ከወግዲ፣ ከከላላ ወይም ከዚያው ከቦረና ገጠር የመጣ ወጣት ነው። ካቦው ጠዋት ቆጥሮ ያስገባዋል፤ ማታ ቆጥሮ ይከፍለዋል። ስሙ ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ አይገኝም።

ተቋራጩ ከመድን ድርጅት ጋር የማይተዋወቅ ሰው እንዳይመስለን። የመንግሥት ሥራ ሲወስድ የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትና ይጠየቃል፤ ያቀርባል። ቅድሚያ ክፍያ ሲቀበል ሌላ ዋስትና ይጠየቃል፤ ያንንም ያቀርባል። ገልባጭ መኪናው ያለ ሦስተኛ ወገን መድን መንገድ ላይ እንዳይወጣ በመጀመሪያ በ2000 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 559፣ በኋላም እርሱን የተካው የ2005 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 799 ያስገድዱታል፤ እርሱንም ይገዛል። ለእነዚህ ሁሉ ጊዜም ገንዘብም አያጣም። እስቲ በእነዚህ ወረቀቶች የተጠበቀው ማን እንደሆነ እንቁጠር። አሠሪው መሥሪያ ቤት ተጠብቋል። የተከፈለው ቅድሚያ ገንዘብ ተጠብቋል። በመንገድ የሚያልፈው እግረኛ ተጠብቋል። ፖንቴው ላይ የቆመው ሰው ግን አልተጠበቀም። «ኢንሹራንስ እኮ ሐራም ነው» የሚለው ቃል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን እዚህ ላይ ስንደርስ መሆኑ ሊያስገርመን አይገባምን?

ያ ወጣት ቢወድቅስ ምን ይሆናል? ሁላችንም የምናውቀው ነው። ጓደኞቹ የዕለት ደሞዛቸውን ያዋጣሉ። በጁምዓ ቀን በመስጊድ በር ላይ ፎጣ ይነጠፋል። ተቋራጩም ይመጣል፤ ከሌላው ሰው በለጥ ያለ ብር ያስቀምጣል። ሰዎችም «አላህ ይቀበልህ» ይሉታል። ለጀናዛው መኪና ይገኛል፤ አገሩ ይገባል፤ ቀብሩ ያምራል። ከዚያ በኋላ የቲሞቹን የሚጠይቅ የለም።

በዚህ መካከል የተፈጸመውን ነገር ልብ እንበል። ተቋራጩ የሰጠው ሰደቃ አልነበረም። ዕዳው ነበር። በሐቅ ሊጠየቀው የሚገባውን በችሮታ መልክ ከፈለ፤ ያውም ከመቶው ጥቂቱን። የቀረውን የከፈለለት በመስጊድ በር ያለፈው ድሃ ነው። የድሃው አሥር ብር ለየቲሞቹ የተሰጠ መሰለ እንጂ በእውነቱ ያረፈው በተቋራጩ ትርፍ ላይ ነው። ሐቅ በሰደቃ ስም ሲከፈል ተቀባዩ አመስጋኝ፣ ባለዕዳው ደግሞ ተመስጋኝ ይሆናል። ከዚህ የከፋ ግፍ ብዙ አይገኝም፤ ምክንያቱም በዳዩም ሆነ ተበዳዩ ግፍ መሆኑን አያውቁትም።

ዕዳው የማን እንደሆነ የአገሪቱ ሕግ አላድበሰበሰውም። የ2011 ዓ.ም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ሠራተኛው በሥራ ምክንያት ጉዳት ሲደርስበት አሠሪው የራሱ ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊ ያደርገዋል። ሙሉ በሙሉና ለዘለቄታው ከሥራ ውጭ ለሆነ ሰው የሚከፈለው ካሣ የዓመት ደሞዙ አምስት እጥፍ ነው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ተቋራጩ ሥራውን ካስረከበ በኋላ ለ10 ዓመት ለሕንፃው ጽናት ዋስ እንዲሆን ይጠይቀዋል።

ሸሪዓውም ከዚህ የላላ አይደለም። ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑ አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ተነግሯል። ፉቀሃዎችም ይህን መሠረት አድርገው የእጅ ባለሙያዎችን ኃላፊነት በሰፊው ተንትነዋል። ሶሌታ መሙላት ሳያውቅ የሞላ፣ ፌሮ ቀንሶ ያሰረ ተቋራጭ ከዚህ ሐኪም በምን ይለያል?

አንዳንድ ወንድሞች «እኛ በአላህ እንመካለን፤ መድን መግዛት የተወኩል ጉድለት ነው» ይላሉ። ለዚህ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው። ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ወይ ብሎ የጠየቀውን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስቀድሞ እንዲያስራት ማዘዛቸውን ቲርሚዚ ዘግበውታል። ነገር ግን ከዚህ ሐዲስ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማናስተውለው አንድ ነጥብ አለ። ግመሏ የራሱ ናት። ሰውየው የጠየቀው ስለ ራሱ ንብረት ነው። በራሱ ንብረት እንኳ እንዲያስር ከታዘዘ፣ በሌላ ሰው እጅና እግር፣ በሌላ ሰው ልጆች እንጀራ ላይ «ሳላስር እመካለሁ» ማለት ከወዴት መጣ? ተቋራጩ ማሽኑን ያለ መድን ቢያቆም የራሱ ጉዳይ ነው። ቢቃጠልበትም ሶብር አድርጎ አጅር ሊያገኝበት ይችላል። በሠራተኛው ነፍስ ላይ ግን ሶብር የሚያደርገው እርሱ አይደለም፤ የሠራተኛው ሚስት ናት። አንድ ሰው ሶብሩን ሌላ ሰው የሚከፍለው ከሆነ ተወኩሉ እውነተኛ ተወኩል አይደለም።

ሁለተኛው መከራከሪያ የበለጠ ክብደት አለው። በንግድ ኢንሹራንስ ውስጥ ገረር፣ ሪባና መይሲር አለበት የሚለው የዑለማ አቋም ቀልድ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን የደማስቆው የሐነፊ ዓሊም ኢብን ዓቢዲን የባሕር ንግድ ኢንሹራንስን መርምረው ነቅፈውታል። የእስላማዊ ትብብር ድርጅት የፊቅህ አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ1985 በጅዳ ባደረገው ስብሰባ ቋሚ አረቦን የሚከፈልበትን የንግድ ኢንሹራንስ አልተቀበለውም። ሆኖም ያው ውሳኔ በዚህ አላቆመም። በመረዳዳት ላይ የተመሠረተውን የኅብረት መድን አማራጭ አድርጎ አቅርቧል። ሱዳን ውስጥ የተካፉል ኩባንያ ሥራ የጀመረው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ነበር። በአገራችንም ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 የተካፉል ሥራ ፈቃድ የሚሰጥበትን መመሪያ አውጥቷል። ስለዚህ ዑለማው አንዱን በር ሲዘጉ ሌላውን ከፍተዋል። እኛ ግን የተዘጋውን በር እያሳየን በተከፈተው ሳንገባ ውጭ ቆመናል። ይህ መጠንቀቅ ሳይሆን ከዕዳ መሸሽ ነው። አጠራጣሪውን ነገር የተወ ሰው የተረጋገጠውን ግፍ ካልተወ ምን ተጠቀመ?

ተካፉል የሚለው ስም ለወሎ ሰው አዲስ ይሁን እንጂ ነገሩ አዲስ አይደለም። ሁለት የሁዘይል ሴቶች ተጣልተው አንደኛዋ ሌላይቱን በድንጋይ መትታ በገደለቻት ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ካሣውን በገዳይዋ ዓቂላ፣ ማለትም በአባቷ ወገን ዘመዶች ላይ መወሰናቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ዕዳው አንዱን ሰው እንዳይሰብረው ለብዙዎች ይከፋፈላል፤ የተጎጂው ወገንም ከባለዕዳው ድህነት የተነሳ ሐቁን አያጣም። በእኛም አገር ደም ሲደርቅ ካሣውን የሚያዋጣው ዘመድ ነው። ሌላው አካባቢ እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ ይቀባበርበታል። ቅሬ ሁለት ነገር አለው፤ ሰው ሳይሞት አስቀድሞ የሚከፈል መዋጮና የአባላት ስም ዝርዝር። አባል የሆነ ሰው ሲሞት ቤተሰቡ እጁን ዘርግቶ አይለምንም። ሐቁ ስለሆነ ይመጣለታል።

የቀን ሠራተኛው ያጣው እነዚህን ሁለቱን ነው። የአገሩ ቅሬ ሩቅ ነው፤ የከተማው ቅሬ አያውቀውም። መድን ድርጅትም ቢሆን ያለ ስም ሊደርስለት አይችልም፤ የሠራተኛ ጉዳት ካሣ አረቦን የሚሰላው በሠራተኞቹ ደሞዝ ነውና። ስለዚህ የመጀመሪያው ግዴታ ብዙ ብር የሚጠይቅ አይደለም። ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ ይበቃዋል፤ ስም መጻፍ። ካቦው ቆጥሮ የሚያስገባቸው ሰዎች ስማቸው፣ አገራቸውና ጠሪያቸው ይጻፍ። ያልተጻፈ ሰው ሲወድቅ «እኔ ጋ አልሠራም» ማለት ይቻላልና፣ ስም አለመጻፍ ራሱ የወደፊት ክህደት መንገድ ነው።

በሌላ በኩል መድን የገዛው ተቋራጭ ነፃ ወጣሁ ብሎ እንዳይተኛ። የ1952 ዓ.ም የንግድ ሕግ መድን ሰጪው በቸልተኝነት የደረሰን ጉዳት እንዲሸፍን ይፈቅዳል፤ ሆን ተብሎ ለተደረገው ግን ተጠያቂ አያደርገውም። እንግዲህ ኩባንያው የሚከፍለው የቸልተኝነትን ወጪ ነው፤ የቸልተኝነትን ወንጀል የሚከፍል ኩባንያ የለም። የበሰበሰ እንጨት ለፖንቴ ያቆመ፣ የራስ ቁርና ቀበቶ የነፈገ ሰው አረቦኑን በወቅቱ ስለከፈለ በአላህ ፊት ደረሰኝ ማቅረብ አይችልም። ደግሞም ውሉን ያንብብ። የተለመዱት የመድን ውሎች ጦርነትንና የእርስ በርስ ግጭትን አይሸፍኑም። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ፣ ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል ግጭት በተነሳ ጊዜ፣ ይህች በውሉ ውስጥ ያለች አጭር አንቀጽ ምን ያህል ከባድ እንደሆነች ግልጽ ሆኗል።

«በዝቅተኛ ዋጋ የተወዳደርኩት ተቋራጭ ይህን ሁሉ ከየት አምጥቼ ልክፈል?» የሚል ይኖራል። አቤቱታው እውነት አለበት። ከዚህም የተነሳ ጥያቄው ከተቋራጩ አልፎ ወደ እኛ፣ ወደ አሠሪዎቹ ይመጣል። አዲስ አበባና ደሴ ያለን ሰዎች ለአገር ቤት መስጊድ ማሠሪያ ስናዋጣ፣ ኮሚቴው በጣም የረከሰውን ዋጋ ያቀረበውን ተቋራጭ ሲመርጥ ደስ ይለናል። ዋጋው የረከሰው ከሲሚንቶ ነው ወይስ ከሰው ነፍስ ብለን ጠይቀን እናውቃለን? ሚናራ ላይ ከሚወጣው ልጅ ሐቅ ተቀንሶ የተሠራ መስጊድ በአላህ ቤት ስም የተፈጸመ ግፍ አለበት። የመስጊድ ኮሚቴዎች ውል ከመፈረማቸው በፊት የሠራተኞች ስም መዝገብና የጉዳት ካሣ ዋስትና ቢጠይቁ፣ ዋጋውንም በዚያው ልክ ቢጨምሩ፣ ሌላው አሠሪ ከእነርሱ ይማራል። ተካፉል በአቅራቢያው የማይገኝ ከሆነም የአንድ ከተማ ተቋራጮች በየሥራው ጥቂት ጥቂት እያስቀመጡ የራሳቸውን የካሣ ቅሬ ማቋቋም ይችላሉ። ለቀብር የቻልን ሰዎች ለሕያዋን እንዴት ያቅተናል?

ኢንሹራንስ ሐላል ነው ወይስ ሐራም የሚለውን ለዑለማ እንተወው፤ መልሱንም ሰጥተዋል። ለእያንዳንዳችን የቀረው ጥያቄ ግን ሙፍቲ የሚሻ አይደለም። ያ ልጅ ቢወድቅ ቤተሰቡ የሚመጣው ሊለምነን ነው ወይስ ሐቁን ሊቀበለን? አላህ ሐቅን ሳይጠየቁ ከሚከፍሉት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።